ሪህ ሐረጎን ወርደው የሚያመልጡት በሽታ አይደለም

«ብርድ መትቶህ ነው፤ ኮምቦልቻ ውረድና ትንሽ ቆይ።» የእግሩ አውራ ጣት በአንድ ሌሊት አብጦ ያደረ የደሴ ሰው ይህን ምክር ከጎረቤቱም ከዘመዱም ይሰማል። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ሰው በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወጣና ሲወርድ ዓመታት ያልፋሉ፤ መገጣጠሚያውም ቀስ በቀስ ይበላሻል። ብርድ በሪህ ላይ ድርሻ አለው። መንስኤው ግን እሱ አይደለም።

በእኛ አገር ጉልበትም ወገብም ሲያም «ሪህ» ይባላል፤ እዚህ የማወራው በዩሪክ አሲድ ስለሚመጣው ብቻ ነው። ዩሪክ አሲድ በሕዋሳችንም በምግባችንም ውስጥ ያለው ፒዩሪን ሲሰባበር የሚቀር ተረፈ ምርት ነው። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት በኢንዛይም አፍርሰው ይገላገሉታል። ሰው ያ ኢንዛይም ስለሌለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል በኩላሊት፣ የቀረውን በአንጀት ያስወግዳል። አብዛኛው የሪህ ታማሚ ችግሩ ኩላሊቱ በበቂ መጠን አለማስወጣቱ ነው፤ ይህም በአመዛኙ በዘር የሚወረስ ጠባይ ነው።

አሁን ወደ ብርዱ። በ37 ዲግሪ ሙቀት የሰው ደም በአንድ ዴሲሊትር 6.8 ሚሊግራም ገደማ ዩሪክ አሲድ አሟሙቶ ይይዛል። ከዚህ ያለፈው መርፌ የመሰለ ቅንጣት እየሆነ የመርጋት ዕድል ያገኛል። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲወርድ ልኩ ወደ 4.5 ገደማ ዝቅ ይላል። የእግር አውራ ጣት ከልብ የራቀና ከሌላው አካል የቀዘቀዘ ስለሆነ ቅንጣቱ እዚያ ቢጀምር አይገርምም። ደሴ ላይ ማር ረግቶ በማንኪያ እንቢ ሲል አይተናል፤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሊላላ ይችላል። ብርዱ ግን ማሩ ላይ ስኳር አልጨመረም፤ ሙቀቱም አልቀነሰለትም። ዩሪክ አሲድም እንደዚሁ ነው፦ የታማሚው ደም ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያው 37 ዲግሪ ነው፤ ትርፉም አብሮት ይጓዛል።

ቅንጣቶቹ ሳይሰማን ለዓመታት ሊከማቹ ይችላሉ። አንድ ቀን ግን የመከላከያ ሕዋሳት እንደ ጠላት ይቆጥሯቸውና ይውጧቸዋል። በሕዋሱ ውስጥ ኢንፍላማሶም የሚባል የማንቂያ መዋቅር ይነሳል፤ ይህን የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። መዋቅሩ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለውን መልእክተኛ ይለቃል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይጎርፋሉ፤ ጣቱ በሰዓታት ውስጥ ቀልቶ፣ ተቃጥሎ፣ ነጠላ እንኳ ሲነካው የማይችል ይሆናል። ከዚያ ሰውነት ራሱ እሳቱን ያጠፋዋል፤ ባይታከምም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ገደማ ይበርዳል። ለኮምቦልቻ ስሟን ያተረፈላት ይኸው ነው። ታማሚው እዚያ ሲቆይ ይሻለዋል፤ ደሴ ቢቀመጥም ይሻለው ነበር።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል። የመሟሟት ቁጥሩ የቤተ ሙከራ ነው፤ መገጣጠሚያ ውስጥ ፕሮቲኑም፣ አሲድነቱም፣ የቆየ ጉዳትም ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ ሕመሙ በሞቃትና ደረቅ ቀናት ይበልጥ እንደሚቀሰቀስ አሳይቷል፤ ምናልባት ላብ የሰውነትን ውሃ ስለሚቀንስ ይሆናል። የወሎ ሰዎች አልተጠኑበትም፤ ቢሆንም «ሙቀት ያድናል» የሚለውን አይደግፍም።

በሪህ ምክንያት ሽሮና ምስር የተከለከሉ ሰዎች ደግሞ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ ሪህን ሲያበዙ፣ ፒዩሪን የበዛባቸው አትክልቶችና ጥራጥሬዎች እንዳላበዙ አግኝቷል። መቀነስ ያለበት ጉበት፣ ዱለት፣ ቢራና ስኳር የበዛበት ለስላሳ ነው። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ፓይራዚናማይድም ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ፤ ግን በራስ ውሳኔ አይቋረጡም፤ ሐኪም ይጠየቃል።

ሕክምናው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። ሕመሙን ለማብረድ ኮልቺሲን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ መድኃኒቶች አሉ። ዳይክሎፌናክን በየጊዜው ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መውሰድ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ክምችቱንም አይነካም። የደሙን ዩሪክ አሲድ ዝቅ አድርጎ ክምችቱን የሚያሟሟው አሎፑሪኖል ነው። በትንሽ መጠን፣ ከ100 ሚሊግራም ባልበለጠ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ብዙዎች «አልተስማማኝም» ብለው ይተዉታል፤ ያኔ ግን መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን መድኃኒቱን ወዲያው አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ግድ ነው። አንዴ ብቻ ለታመመ ሰው ሁልጊዜ አያስፈልግም፤ ለሚመላለስበት ያስፈልጋል። ዩሪክ አሲዱ ምን ያህል ይውረድ በሚለው ባለሙያዎች አይስማሙም፦ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ6 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ሲመክር፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ማስረጃው አይበቃም ብሎ ነበር። እኔ ከመጀመሪያው ጋር ነኝ፤ ከ6.8 በታች ያልወረደ ደም የረጋውን መልሶ ሊያሟሟ አይችልም።

አንድ መገጣጠሚያ አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ሪህ ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። በባክቴሪያ የተመረዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱና ፈሳሹ ተቀድቶ ይመርመር።