«ጋሼ፣ ፎቶዬስ?»

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፈረስና ስለ ካሜራ ነው። ካሜራ የሌላችሁም ቢሆን አትለፉት፤ መጨረሻው የሰው ጉዳይ ነው።

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግና ክርስትና ነው። አገራችን ቆላ ስለሆነ ግመልና አህያ እንጂ ፈረስ ብዙም አናይም። ታዲያ በ2014 ዓ.ም. ለሰሊጥ አጨዳ ከአዊ የመጣ አንድ ወጣት ጉርድ ፎቶ ሊነሳ ገባና፣ «ጋሼ፣ ጥር 23 እንጅባራ ይምጡልኝ። የአባቴን ፈረስ ስጋልብ ያንሱኝ፤ ለእናቴ ነው» አለኝ። እኔም ቃል ገባሁ።

ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን የዘመቱ ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸው ይታሰቡበታል። የአሜሪካኖቹን ሮዲዮ በፊልም አይታችሁ ከሆነ የኛን ጉግስ ደግሞ እዩት! ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ፣ አንዱ ሲያባርር ሌላው በጋሻው ሲመክት... ልብ ያቆማል።

እኔም ያገለገለች 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ገዝቼ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርጌ ሄድኩ። ልጁ ጋለበ፤ እኔም ቀጨጭ አደረግሁት። በካሜራዋ ትንሽ መስኮት ሳየው ሁሉም ያማረ ነው። መተማ ተመልሼ በኮምፒውተር ሳሰፋው ግን ጉድ ፈላ! ፈረሱ ጭስ፣ ልጁ ጥላ መስሏል። ለካ ጠዋት ጥላ ውስጥ ሆኜ የመረጥኩትን 1/125 ሹተር ሳልቀይር ነው ቀኑን ሙሉ ያነሳሁት። ልጁ መጥቶ «ጋሼ፣ ፎቶዬስ?» ሲለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለከርሞ እክስሃለሁ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የተማርኩትን እነሆ፣ እናንተ እንኳ እንዳትሳሳቱ፦

አንደኛ፣ ረጅም ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥ ያጎላል። 300 ሚሊ ሜትሩን በእጅ ስትይዙ ሹተሩ ቢያንስ 1/300 ሰከንድ፣ እንደኔ ዓይነት ትንሽ ሴንሰር ባለው ካሜራ ደግሞ ወደ 1/500 ይሁን። ይህ ግን ለእጃችሁ ብቻ ነው። ፈረሱም ይሮጣላ! ለጋላቢ ፈረስ ከ1/1000 አትውረዱ። ሌንሱ ላይ ያለው ማረጋጊያ እጅን እንጂ ፈረስን አያረጋጋም። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉ፤ ፎቶው አሸዋ አሸዋ ቢል ከሚደበዝዝ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ግራ እጃችሁ ሌንሱን ከሥር ይሸከም፤ ክርናችሁ ጎናችሁ ላይ ይለጠፍ። አንድ እግር ወደፊት አድርጋችሁ፣ ትንፋሽ እያወጣችሁ በቀስታ ተጫኑ። ፈረሰኛው ከሩቅ ሲመጣ ጀምሮ ከወገባችሁ እየዞራችሁ ተከተሉት፤ ከተጫናችሁም በኋላ አታቁሙ። እኔ ይህን የተለማመድኩት መተማ መንገድ ላይ፣ በሚያልፉ ባጃጆች ነው፤ ሾፌሮቹ «አብዷል» ብለውኝ ነበር! ልምምዱም ማለዳ ይሁን። ቀትር ላይ ከጋለው መሬት የሚነሳው አየር ሲርገበገብ ረጅም ሌንስ እሱንም ጨምሮ ያነሳዋል፤ ምንም ዓይነት ሹተር አያድናችሁም።

ሦስተኛ፣ ሌንስ ሩቁን ያቀርባል፤ ቅርቡን ግን ይደብቃል። ዓይናችሁ ካሜራው ላይ ሳለ ከጎን የሚመጣ ፈረስ አይታያችሁም። ፈረሶቹ የሚታጠፉበት ቦታ አትቁሙ፤ ዙሪያውን የሚያይላችሁ ሰው ከጎናችሁ ይኑር።

በነገራችን ላይ እኤአ በ1878 ማይብሪጅ የተባለ ፎቶ አንሺ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎች ደርድሮ፣ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚነሱበት ቅጽበት እንዳለ አሳይቷል። እኔም በ2015 ዓ.ም. ጥር እንጅባራ ተመልሼ ያችኑ ቅጽበት በ1/1000 ያዝኳት። ጥርት ያለች! ኮርቻው ላይ የተቀመጡት ግን አባትየው ነበሩ። ልጁ ሰሊጡ ካለቀ በኋላ በኛው በመተማ በኩል ሱዳን ገብቷል አሉኝ።

ፎቶውን ለእናቲቱ አሳየኋቸው። አመሰገኑኝና፣ «የልጄስ?» አሉኝ። እያፈርኩ የደበዘዙትን ካሜራው ላይ አወጣሁ። ደግነቱ አላጠፋኋቸውም ነበር። ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «አቀማመጡ የራሱ ነው! ይህን ስጠኝ፣ ልጄ» አሉ። ባሕር ዳር አሳጥቤ ላክሁላቸው።

በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ተነሳ። ስንቱ ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ስንቱ ባዶ እጁን በመተማ በኩል ገባ! እኔም ሥራ ሲቀዘቅዝ በሬ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ፊት ሁሉ አይ ነበር። እናም በግንቦት አንድ ቀን፣ የከሳና ፀሐይ ያጠቆረው ወጣት መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ ፎቶዬስ?»

አቅፌ ሳምኩትና፣ «እናትህ ጋ ነው። ሂድና እዚያው እየው» አልኩት።