ከሞቃት አገር ለበዓል ወደ ቤት ስለ መመለስ

ሰው ለዕረፍት ከቤቱ ሲወጣ ብዙ ያስባል፤ ስንቁን ያዘጋጃል፤ ልብሱን ይመርጣል፤ የሚያርፍበትንም ስፍራ አስቀድሞ ይጠይቃል። ዕረፍቱን ጨርሶ ሲመለስ ግን መንገዱን የታወቀ ነገር አድርጎ ስለሚቈጥረው የሚያስበው ቶሎ ስለ መድረስ ብቻ ነው። ይልቁንም የሚመለስበት ቀን የበዓል ዋዜማ የሆነ እንደ ሆነ ችኮላው ይበረታል። እኛ ግን ከመሄጃው ይልቅ መመለሻው ጥንቃቄ የሚፈልግ መሆኑን በራሳችን ላይ ከደረሰው ነገር ስለ ተማርን፣ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እንደሚከተለው እንጽፋለን።

በ2010 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከሥራችን የአንድ ወር ፈቃድ አግኝተን፣ የሰባት ዓመት ልጃችንን ይዘን ከጐንደር ወደ ባሕር ዳር ወርደን በጣና ሐይቅ አጠገብ ሁለት ሳምንት ያህል ተቀመጥን። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ያለ ስለ ሆነ፣ በደጋ ብርድ ላደገ ሰው አየሩ እጅግ የሚሞቅ ነው። ልጃችን ከደንገል የተሠራውን ታንኳ ሲያይ፣ በዘጌም ደን ውስጥ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ በታች የበቀለውን ቡና ሲዳስስ ደስታው ወሰን አልነበረውም። የቀረውን ሁለት ሳምንት ደግሞ በስሜን ተራራዎች ውስጥ፣ በራስ ደጀን አጠገብ በምትገኘው በአምቢኮ፣ ከእናታችን ዘንድ ገናንና ጥምቀትን በማክበር ለመፈጸም አስበን ነበር።

ታኅሣሥ 28 ቀን ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሣን። ከባሕር ዳር እስከ ጐንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ ከጐንደር እስከ ደባርቅ ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሁሉ የዋዜማ መንገድ ነበረ፤ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ በግ ይጮኻል፤ ከመቀመጫዎቹም በታች እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ይንጫጫሉ። ልጃችን በሐይቁ ዳር በቀጭን ልብስ የተነሣ ሲሆን፣ አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ሹራብ ለበሰ፤ ዳባት ላይ ጋቢ ደረብንለት፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ደባርቅ ስንወርድም እጁን ከጋቢው ውስጥ ማውጣት እንቢ አለ።

በዚያም ሰዓት ወደ ጃን አሞራ የሚሄድ አንድ የጭነት መኪና ሊነሣ ሲል አገኘነው። በሳንቃ በርና በጨነቅ አልፎ፣ የቧሂትን በር ተሻግሮ ጭሮ ለባ ላይ ሊያወርደን ተስማማ። ከዚያ ወደ መሸሃ ወንዝ በእግር ወርደን፣ ማዶውን ወጥተን በሌሊት አምቢኮ ለመግባት ቈረጥን። እናታችን ከበዓሉ በፊት ይደርሳሉ ብላ መንገድ መንገዱን እንደምታይ እናውቅ ነበርና፣ ሌላ ነገር አልታየንም።

ዕቃችንን ስንጭን ግን በመናኸሪያው አጠገብ ቡና ያፈሉ የነበሩ አንዲት ባልቴት ጠሩን። እኒህ ባልቴት በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከስሜን ብሔራዊ ፓርክ ወጥተው በደባርቅ ሲሰፍሩ አብረው የመጡ ናቸው።

«ልጆቼ፣ ይህን ሕፃን ዛሬ ጧት ከየት አነሣችሁት?» ሲሉ ጠየቁን።

«ከጣና ዳር ነው፣ እናቴ» አልናቸው።

«እንግዲያማ ቧሂትን በሌሊት አታሳዩት። እኔ በዚያ ብርድ ውስጥ የተወለድሁ ነኝ፤ ከቆላ በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራሱን ይዞ ሲያቃስት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በዓል በመጣ ቍጥር እኔም ወደ ግጭ ልሂድ ልሂድ ይለኛል፤ ነገር ግን የምገባበት ቤት የለኝም። የእናንተ ቤት ነገም ከነገ ወዲያም በስፍራው ይቈያችኋል። ቤቴ ጠባብ ናት፤ ለአንድ ሌሊት ግን ትበቃለች» አሉን።

ይህን ሰምተን ዕቃችንን አወረድን። ኋላም ነገሩን ብንመረምረው የተናገሩት ሁሉ እውነት ሆኖ አገኘነው። ሰው ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣ ቍጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የቧሂት በር 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ከጣና ዳር ይልቅ በ14 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው፤ የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ደግሞ በዚህ ላይ ይጨመራል። አየሩም ይሳሳል፤ በጣና ዳር በባሕር ወለል ካለው አየር አምስት እጅ አራቱ ሲገኝ፣ በቧሂት በር አምስት እጅ ሦስቱ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ቀን ከዝቅታ ወደዚያ የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያገኘው ይችላል። ሕፃን ደግሞ የሚሰማውን በሚገባ መናገር ስለማይችል ሕመሙ ሳይታወቅ ይቈያል። ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ባላት በደባርቅ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ማደር ግን ሰውነትን ያለማምዳል። ምልክቱ ከታየ ከፍ ማለትን መተው፣ የባሰም እንደ ሆነ ወዲያው ወደ ታች መውረድ ዋናው መድኃኒት ነው።

ገናን በደባርቅ ዋልን። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ስመን፣ ጧት ከባልቴቲቱና ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጾሙን ፈታን፤ ልጃችንም ከሰፈሩ ልጆች ጋር በሜዳ ላይ ገና ሲጫወት ዋለ። ሰኞ በማለዳ ተነሥተን ቧሂትን በፀሐይ ተሻገርን፤ በጨነቅም አጠገብ ዋልያ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ አየን። ከሰዓት በኋላ አምቢኮ ስንደርስ እናታችን የበዓሉን ወጥ አስቀምጣ ቈይታን ነበር። ስለ መዘግየታችን ይቅርታ ብንጠይቃት «ከመሞት መሰንበት ይባል የለምን? ይኸው ሰነበታችሁልኝ» ብላ ሳመችን።

መመለሻችን በዚህ የተፈጸመ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን አልተፈጸመም። ጥር 9 ቀን፣ ከሐይቁ ዳር በተለየን በ11ኛው ቀን፣ ልጃችንን ብርድ ብርድ አለው፤ ማታም ሰውነቱ እንደ እሳት ተቃጠለ። ጎረቤቶቻችን «ያልለመደው ብርድ መትቶት ነው፤ ወባ በደጋ የለም፤ ጥምቀት ይለፍና ይታያል» አሉ። እኛም ልንቀበለው ምንም አልቀረን። በኋላ ግን በባሕር ዳር የመጨረሻዋን ሌሊት፣ በማለዳ ለመነሣት ቸኩለን አጎበሩን አስቀድመን ጠቅልለን ያለ አጎበር ማደራችንን አስታወስን። ጧት ልጁን በበቅሎ አድርገን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሄድን።

የሕክምናው ሠራተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀን «ባለፈው ወር ከወዴት ነበራችሁ?» የሚለውን ነበር። ከጣቱ ደም ተወስዶ ቢመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። ጥምቀትን በታመመው ልጅ አልጋ አጠገብ አሳለፍነው፤ መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት ጨርሶ ከጥቂት ቀን በኋላ ዳነ። በዓሉን ብንጠብቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማሰብ ዛሬም ያስፈራናል።

ወባ በያዘችው ትንኝ የተነደፈ ሰው በዚያው ቀን አይታመምም፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቈያል፤ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚነሣም የወባ ዓይነት አለ። ስለዚህ በሽታው በሞቃቱ አገር ይዞን በብርዱ አገር ይገለጣል። በአገራችን ወባ የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች በሆነው ስፍራ ሲሆን፣ ከክረምት በኋላ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው ወራቱ ነው። የደጋ ሰው በሽታውን ስላልለመደው ሲይዘው ይጠናበታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. ወባ ወደ ከፍታው አገር በወጣ ጊዜ ሦስት ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች ታመው 150,000 የሚያህሉ እንደ ሞቱ ተገምቷል።

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ ሞቃት አገር የምትወርዱ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ መመለሻችሁን ከበዓሉ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሙት፤ ወፍራሙን ልብስ ከዕቃው ሥር ሳይሆን ከላይ አድርጉት፤ ወደ ከፍተኛው ተራራ የምትወጡ እንደ ሆነ በመካከል ዕደሩ፤ አጎበሩንም እስከ መጨረሻዋ ሌሊት አትጠቅልሉት። ከደረሳችሁም በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታትና ወራት ትኩሳት የተሰማው ሰው ቢኖር በዓል ነው ሳትሉ በዚያው ቀን አስመርምሩት፤ ከወዴት እንደ መጣችሁም ሳትጠየቁ ተናገሩ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ እኛ ያፈሰስነውን ለመልቀም ዕድል አግኝተናል፤ እናንተ ግን ከመጀመሪያው እንዳታፈሱ ይህን ጻፍንላችሁ። በደህና ገብታችሁ በዓሉን ከዘመዶቻችሁ ጋር በጤና ለማክበር ያብቃችሁ።