ምጽዋ፦ ደጋው ሲከፈትላትና ሲዘጋባት

ከዴንተን ተነስቶ ባሕር ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ ጋልቨስተን አምስት ሰዓት ያህል ይነዳል። ያቺ የወደብ ደሴት በ1836 (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ለአጭር ጊዜ የቴክሳስ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። በ1900 ማዕበል ቢያንስ 6,000 ሰው ከፈጀባት በኋላ ግን ንግዷን ሂዩስተን ወሰደችው። እዚያ በሄድኩ ቁጥር የኤርትራዋን የቀይ ባሕር ወደብ፣ ደሴቲቱን ምጽዋን አስባለሁ።

ምጽዋን ኦቶማኖች በ1557 ያዙ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ለግብፅ ለቀቁ። በ1870ዎቹ የግብፅ ሹም የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር ደሴቲቱን ከጎረቤቷ ደሴት ከጥዋለት፣ ጥዋለትን ከየብስ በመንገድ አገናኘ።

በ1884 አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር አድዋ ላይ ተዋዋሉ። የኢትዮጵያ ዕቃ፣ መሣሪያም ጭምር፣ በምጽዋ በነጻ ሊያልፍ ነበር። ስምንት ወር ቆይቶ ጣልያን በእንግሊዝ ይሁንታ ወደቡ ላይ ወረደ። ይህን ክህደት ሳልቆጭ አንብቤው አላውቅም። ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ቢደመስሱም ምጽዋ አልተመለሰችም።

በ1890 የኤርትራ ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ማዕረጉ ከዐሥር ዓመት በላይ አልቆየላትም፤ ነፋሻማዋ አስመራ ወሰደችው። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት። ሆኖም ባቡሩ ከ1911 ጀምሮ አስመራ ይደርስ ነበርና እንደገና ተሠራች፤ በ1937 ደግሞ ቴሌፌሪካው በሽቦ ተንጠልጥሎ ሸቀጥ ወደ ደጋ ማውጣት ጀመረ። ከኮራል ድንጋይ የታነጹት ቤቶቿ፣ ፍርግርግ የእንጨት መስኮቶቻቸውና በረንዳዎቻቸው ዛሬም የከተማዋ ትልቁ ሀብት ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥዋለት ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ለባሕር ኃይል በዓልም ይወርዱ ነበር።

በ1990 ሻዕቢያ ከተማዋን ሲይዝ ደርግ ከአየር ደበደባት፤ የቤተ መንግሥቱ ጉልላት ሳይቀር ተመታ። የ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ደግሞ የኢትዮጵያን ጭነት ቆረጠባት። በ2018 "መቀሌ" የተባለችው መርከባችን ከሃያ ዓመት በኋላ ምጽዋ ስትቆም ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር፤ የየብሱ ድንበር ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ምጽዋን ከቦምቡ ይልቅ የጎዳት ይህ መዘጋት ነው እላለሁ።

በዳላስና በፎርትዎርዝ ዙሪያ ያላችሁ፣ ምጽዋ የኖራችሁም ሆነ በባሕር ኃይሉ ያገለገላችሁ፣ እባካችሁ ከአሮጌ ፎቶዎቻችሁ ጀርባ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉልን።