ነጩ ነጥብ ሲጠፋ ዓሣው ድኗልን?

ሰው ከእንስሳት ጋራ መኖር ከጀመረ ብዙ ዘመን ነው። በሬ ለእርሻ፥ በቅሎ ለመንገድ፥ ውሻ ለዘብ፥ ድመት ለአይጥ እየተባለ እያንዳንዱ በየሥራው ተመድቦ ኖሯል። በአገራችን ዓሣ ግን ከወንዝና ከሐይቅ ተጠምዶ ለጾም ገበታ የሚቀርብ እንጂ በሳሎን ተቀምጦ የሚታይ አልነበረም። ቻይናዎች ወርቃማውን ዓሣ ለጌጥ ማርባት ከጀመሩ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ከነሱም ወደ ጃፓን፥ ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ተዛመተ። ዛሬ በአዲስ አበባም በሆቴል መግቢያ፥ በሐኪም ቤት መጠበቂያ ክፍልና በአንዳንድ ሰው ቤት የመስተዋት ገንዳ፥ ማለት አኳሪየም፥ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ በሬ ሲታመም ከመንጋው ይለያል፤ ውሻ ሲታመም ያለቃቅሳል። ዓሣ ድምፅ የለውም። ባለቤቱ ዓይኑን ከፍቶ ካላየለት በቀር ሕመሙን የሚናገርለት የለም። ለዛሬው ጽሑፋችን ምክንያት የሆነውም ይኸው ነው።

የአንድ ልጅ ጥያቄ

በመስቀል ፍላወር፥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ በኪራይ የሚኖር አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ከያዘ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ታናሽ ወንድሙን ከገጠር አስመጥቶ ያስተምራል። ልጁ በፈተና ጥሩ ውጤት ባመጣ ጊዜ ታላቅየው ከደመወዙ ቆጥቦ አንድ የመስተዋት ገንዳና ሰባት ወርቃማ ዓሦች ገዛለት። ጥቂት ቆይቶም ሌሎች ሁለት ጨመረለትና ዘጠኝ ሆኑ። ኋላ እንደ ተረዳነው ለዚያ ትንሽ ገንዳ ዘጠኝ ዓሣ እጅግ ብዙ ነበር።

አዲሶቹ ከገቡ ሳምንት ሳይሞላ በዓሦቹ ክንፍና ጅራት ላይ የጨው ቅንጣት የሚመስል ነጭ ነጥብ ታየ። ዓሦቹ ገላቸውን ከጠጠሩ ጋራ ይታከኩ፥ ክንፋቸውን አጣብቀው ይቆሙ ጀመር። ወንድማማቾቹ መድኃኒት ገዝተው አራት ቀን ቢያደርጉበት ነጥቡ ሁሉ ጠፋ። ልጁ በደስታ ዘለለ፤ መድኃኒቱም ተከድኖ ተቀመጠ። ከዐሥር ቀን ያህል በኋላ ግን ነጥቡ በእጥፍ ሆኖ ተመለሰ፤ ከዘጠኙም አምስቱ ሞቱ። እኔ ለመጠየቅ በሄድሁ ጊዜ ልጁ የሞቱትን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ፥ «ጋሼ፥ ድነው አልነበረም እንዴ?» አለኝ።

መልሱ አጭር ነው። አልዳኑም ነበር። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን የጠላትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

የጠላት ጠባይ

ይህ ነጭ ነጥብ የሚባለው ደዌ የሚመጣው ባለ አንድ ሕዋስ ከሆነ ጥገኛ ፍጥረት ነው። ፉኬ የተባለ ፈረንሳዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1876 ጠባዩን ጽፎ «ኢክትዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ» የሚል ስም ሰጠው። የስሙ ትርጓሜ «ልጆቹ የበዙ የዓሣ ቅማል» እንደ ማለት ነው። በእውነቱ ቅማል አይደለም፤ ዙሪያውን በጥቃቅን ጠጉር ተሸፍኖ በዚያ እየቀዘፈ የሚሄድ ሕዋስ ነው። በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የተመለከተው ተማሪ በውስጡ የፈረስ ኮቴ ብረት የመሰለ ቅርጽ ያያል፤ በዚህም ከሌሎቹ ይለየዋል።

ኑሮው በሦስት ክፍል ይከፈላል። መጀመሪያ ከዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ሥጋውን እየተመገበ ይወፍራል። በዓይናችን የምናየው ነጥብ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ የዓሣው ቆዳ ራሱ ጋሻ ስለሚሆነው በውኃው ውስጥ የሚጨመረው መድኃኒት አይደርስበትም። ሁለተኛ ጠግቦ ሲወጣ ከገንዳው ግርጌ ይወድቅና በጠጠርና በቅጠል ላይ ተለጥፎ ልባስ ይሠራል። በልባሱ ውስጥም እየተከፈለ ከአንድ ወደ ብዙ መቶ፥ አንዳንዴም ወደ ሺህ ይደርሳል። እዚህም መድኃኒት አያገኘውም። ሦስተኛ ልጆቹ ልባሱን ቀድደው ወጥተው አዲስ ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ያልቃሉ። ጨውም ሆነ መድኃኒት የሚገድላቸው በዚህች አጭር ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ነጥቡ ከዓሣው ላይ ጠፋ ማለት ጠላት ሞተ ማለት አይደለም፤ ሊራባ ወረደ ማለት ነው። የወዳጄ ወንድም በደስታ የዘለለበት ቀን በጠጠሩ ሥር ሺህዎች የሚፈለፈሉበት ቀን ነበር።

የአዲስ አበባ ብርድ

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የዚህ ጥገኛ ኑሮ የሚፈጥነውም የሚዘገየውም በውኃው ሙቀት ነው። ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውኃ ዙሩን ከ3 እስከ 6 ቀን ይጨርሳል። በ15 ዲግሪ ግን ወደ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል፤ በ10 ዲግሪ ደግሞ ከወር ይበልጣል። ከውጭ አገር በሚመጣው የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈው የቀን ቍጥር ብዙውን ጊዜ ለሞቀ ውኃ የታሰበ ነው። በመስቀል ፍላወር ማሞቂያ በሌለው ክፍል፥ በተለይም በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት፥ የገንዳው ውኃ ከዚያ እጅግ ይበርዳል። ስለዚህ በጠርሙሱ ቃል ብቻ የሄደ ሰው ሥራውን ከመካከል ያቋርጣል።

«እንግዲያስ ውኃውን እናሙቀው» የሚል ይኖራል። ከሞቃት አገር ለመጡ ዓሦች ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 29 ወይም 30 ዲግሪ ማድረስ የታወቀ ሕክምና ነው። ነገር ግን ውኃ በሞቀ ቍጥር በውስጡ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። ከተማችን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ውኃውም የሚይዘው ኦክሲጅን በዚያው ልክ ያነሰ ነው። መተንፈሻው በጥገኛ የተጎዳ ዓሣ በሞቀ ውኃ ውስጥ ያለ አየር መንፊያ ቢቀመጥ በሕክምናው ይሞታል። መብራት የሚጠፋበት ሌሊትም አለ። ወርቃማ ዓሣ ብርድ የሚችል በመሆኑ ውኃውን ከማሞቅ ይልቅ የሕክምናውን ቀን ማርዘም ይሻላል።

ጨውና ሒሳብ

ለወርቃማ ዓሣ ርካሹና የታመነው መድኃኒት ጨው ነው። አያቶቻችን አሞሌ እያሉ እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው ያው የአፋር ጨው ማለት ነው። አዮዲን አለበት ተብሎ መፍራት አያስፈልግም፤ በዚህ መጠን ዓሣውን አይጎዳውም።

መጠኑ በግምት አይሁን። የገንዳው ርዝመት 60፥ ስፋቱ 30፥ ከፍታው 35 ሳንቲሜትር ቢሆን ሦስቱን አባዝቶ ለ1,000 ማካፈል ነው፤ 63 ሊትር ይሆናል። ለጠጠሩና ከላይ ለተተወው ባዶ ስፍራ ሲቀነስ 55 ሊትር ያህል ውኃ ይቀራል። ለአንድ ሊትር 3 ግራም ቢታሰብ 165 ግራም ጨው ይሆናል። ይህንን ለሦስት ከፍሎ በሌላ ዕቃ እያሟሙ በየ12 ሰዓቱ መጨመር ነው እንጂ ባንድ ጊዜ መገልበጥ አይገባም። በየሁለት ቀኑም የገንዳውን ግርጌ በጎማ እየመጠጡ የውኃውን አንድ አራተኛ መለወጥ ይገባል፤ ልባሱ ያለው እዚያ ነውና። ጨው ከውኃ ጋራ ስለማይተን የሚጨመረው ለአዲሱ ውኃ ልክ ብቻ ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለበት በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን አድሮ ይግባ። ነጥቡ ከጠፋ በኋላም ሕክምናው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቀጥል። ቅርፊት የሌላቸው ዓሦችና አንዳንድ የውኃ ተክሎች ግን ጨው አይችሉም።

ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ቀለምም ያገለግላል። ይህ ቀለም ጀርመናውያኑ ጉትማንና ኤርሊኽ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1891 የወባ በሽተኞችን ያከሙበት ነው። ዳሩ ግን በማጣሪያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ሕክምናው በተለየ ዕቃ ይሁን። ማላካይት ግሪን የሚባለው ደግሞ ለሰውም ስለሚያሰጋ በአውሮፓና በአሜሪካ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ ተከልክሏል፤ ያለ ጓንት አይነካ።

ነጭ ነጥብ ሁሉ ደዌ አይደለም። ወንዱ ወርቃማ ዓሣ በመራቢያው ወራት በመተንፈሻው ክዳን ላይ ነጫጭ ነጥብ ያወጣል፤ ይህ የጤና ምልክት ነው። ነጥብ ሳይታይ ዓሣው ከውኃው ገጽ ላይ አየር የሚጎርስ ከሆነ ግን ወይ ኦክሲጅን አንሶታል፥ ወይ በመተንፈሻው ላይ ጥቃቅን ትሎች ተጣብቀዋል። ለነዚህ ትሎች የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል፥ በአገራችን ለቢልሃርዝያ የሚታደለው ያው መድኃኒት ነው።

እንዶድን ስለ መጨመር

ዓሦቹ በሞቱ ማግሥት ወዳጄ አንድ ሐሳብ አመጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 በዓድዋ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል ማግኘታቸውን፥ ከሥራ ባልደረባቸው ጋራም በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት መቀበላቸውን በትምህርት ቤት ተምሯል። «እንግዲህ እንዶድ ብንጨምርበትስ?» አለ። የግቢው ባለቤት እማማ ይህን ሰምተው ሳቁ። «ልጄ፥ እንዶድማ ዓሣውንም ይፈጅልሃል። በእኛ አገር ልብስ የታጠበበት ወንዝ ላይ ዓሣ በሆዱ ሲንሳፈፍ ነው ያደግሁት» አሉት።

እማማ እውነት ተናገሩ። እንዶድ ለዓሣ መርዝ ነው። የብርብራ ፍሬም በአገራችን ዓሣን አስክሮ ለመያዝ ሲያገለግል የኖረ ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ይሆናልና መጠኑና ጠባዩ ሳይታወቅ ከመጽሐፍ ያገኙትን ሁሉ መገልበጥ ዕውቀት አይባልም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከሕክምናው ይልቅ መከላከሉ ይቀላል። አዲስ የተገዛ ዓሣ ከነባሮቹ ሳይቀላቀል አራት ሳምንት በሌላ ዕቃ ይቆይ። መረቡም የየራሱ ይሁን። የታመመ ዓሣ የነበረበት ውኃ ወይም ያልተፈለገ ዓሣ ወደ ወንዝ አይጣል። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ፥ አቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ኑሯቸው በዓሣ ማጥመድ የሆነ ሰዎች አሉ። የአገራችን ሐይቆች ዓሣ የራሱ ጥገኛ ትሎች አሉበት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሌላ መከራ አያስፈልገውም።

የቀሩት አራት ዓሦች ዛሬ ደኅና ናቸው። ልጁ በየቀኑ የውኃውን ሙቀትና የጨመረውን ጨው በደብተር እየጻፈ አምስት ሳምንት ቆጠረ። ነጥቡ በጠፋ በሦስተኛው ቀን ታላቅየው «አሁንስ ይበቃል» ቢለው፥ «ወንድም ጋሼ፥ ገና ነው፤ አሁን እታች ናቸው» ብሎ መለሰለት።

ሳል ስለ ተወው ብቻ የስድስት ወሩን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሁለተኛው ወር የሚያቋርጥ ሰው፥ ቅሬታው ስለማይሰማ ብቻ ጉዳዩ አለቀ ብሎ መዝገብ የሚዘጋ ጸሐፊ፥ ይህ ልጅ የተማረውን ቢማሩ መልካም ነበር። የማይታየውን ጠላት የሚያሸንፈው ቀኑን ቆጥሮ የሚጨርስ ሰው ነው።