የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሲሰፋ ደጋፊው ምን ያገኛል? ምንስ ያጣል?

ሪያድ፤ በሰሜን ምዕራብ ሪያድ በንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ የሚገኘውን ስታዲየም ዛሬ ብዙዎች የሚያውቁት «አል-አወል ፓርክ» በሚለው ስሙ ነው። የአል-ናስር ክለብ ሜዳ በመሆኑ፣ በተለይም ክርስቲያኖ ሮናልዶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 ለደጋፊዎች የተዋወቀው በዚሁ ስፍራ በመሆኑ፣ ዝናው ከሪያድ አልፎ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ደርሷል። ይሁን እንጂ ስታዲየሙ ከክለብ ሜዳነቱ በፊት የዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። አሁን 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ ሲሆን፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ለ2034 የዓለም ዋንጫ ባቀረበችው የአስተናጋጅነት ሰነድ ከ46 ሺህ በላይ እንዲይዝ ተደርጎ እንደሚስፋፋ ተመልክቷል። እንዲህ ያለው ዜና በተሰማ ቁጥር በደጋፊው ዘንድ ደስታና ሥጋት አብረው ይነሣሉ። ሁለቱም ያለ ምክንያት አይደሉም።

የቁጥሩ መነሻ ግልጽ ነው። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፊፋ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ የሚደረግበት ማናቸውም ስታዲየም ቢያንስ 40 ሺህ ተመልካች እንዲይዝ ይጠይቃል፤ ለግማሽ ፍጻሜ 60 ሺህ፣ ለመክፈቻና ለፍጻሜ ጨዋታዎች ደግሞ 80 ሺህ መቀመጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ ሜዳ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን እንዳለ ሊቀበሉት አይችሉም። ፊፋ አስተናጋጅነቱን ለሳዑዲ ዓረቢያ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2024 ሲሆን፣ በሰነዱ ከቀረቡት 15 ስታዲየሞች ስምንቱ በሪያድ የሚገኙ ወይም የሚሠሩ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ቀጠሮ አለ፦ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ከጃንዋሪ 7 እስከ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2027 የሚካሄደውን የእስያ ዋንጫ ከሚያስተናግዱት መካከልም ተመድቧል።

ስታዲየሙ ተመርቆ የተከፈተው በ2015 ነው። በስታዲየም ዕድሜ ገና ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ብዙ ስምና ብዙ ባለቤት አይቷል። መጀመሪያ ሕዝቡ በቀላሉ «የጃሚዓ ስታዲየም» ማለትም የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ይለው ነበር። አል-ሂላል ሜዳው ባደረገበት ዘመን የ2019 የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ የፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ በዚሁ ተደርጎ፣ የጃፓኑን ኡራዋ 1 ለ 0 አሸንፏል። በ2020 ስታዲየሙ ወደ ተቀናቃኙ አል-ናስር ተዛወረ፤ ስሙም በዕቃ አድራሽ መተግበሪያ ኩባንያ ስም «መርሱል ፓርክ» ተባለ። በ2023 ደግሞ የሳዑዲ አወል ባንክ ስም ተሰጠው። «አወል» በዓረብኛ «የመጀመሪያ» ማለት በመሆኑ ቃሉን ሰምተው የከተማዋ የመጀመሪያ ስታዲየም ነው ብለው የሚገምቱ አሉ፤ ስያሜው ግን የባንኩ ነው። በጃንዋሪ 2024 ሪያል ማድሪድ ባርሴሎናን 4 ለ 1 ያሸነፈበት የስፔን ሱፐር ካፕ ፍጻሜም የተካሄደው በዚሁ ሜዳ ነው።

ይህ ታሪክ ለደጋፊው ስሜት ቁልፍ ነው። አንድ ቡድን ለትውልድ የኖረበትን ሜዳ ማደስ አንድ ነገር ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ የሁለት ባላንጣዎች ቤት የሆነን፣ በመሠረቱም የዩኒቨርሲቲ የሆነን ሜዳ ማደስ ደግሞ ሌላ ነው። የአል-ሂላል ደጋፊ በዚያ መቀመጫ ላይ የእስያን የፍጻሜ ምሽት ያስታውሳል፤ «የፀሐይ ሕዝብ» በሚል ቅጽል የሚጠራው የአል-ናስር ደጋፊ በበኩሉ ሮናልዶ በቢጫ ማሊያ ሲወጣ ያየበትን ምሽት ያስታውሳል። ሁለቱም ስለ አንድ ሕንፃ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት ቤት ነው።

የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ደጋፊ የሚወድለት ትልቁ ነገር ቅርበቱ ነው። የአትሌቲክስ መም የለውም፤ የመጀመሪያው ረድፍ ከሣሩ ብዙም አይርቅም። በዚያው በሪያድ በስተ ምሥራቅ ያለውን የንጉሥ ፋህድ ስታዲየም የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተከፈተው ያ ስታዲየም በድንኳን መሰል ጣራው ቢታወቅም፣ በሜዳውና በተመልካቹ መካከል መም ስለነበር ተጫዋቹ ከሩቅ ነበር የሚታየው። ከዚህ የተነሣ በአል-አወል ፓርክ 25 ሺህ ሰው የሚያሰማው ድምፅ በሌላ ስፍራ እጥፍ ሰው ከሚያሰማው የማይተናነስ ይመስላል። ደጋፊው ማስፋፋት ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ቅርበት ይቀራል ወይ?» ብሎ ነው።

ጥያቄው የስሜት ብቻ አይደለም፤ የምሕንድስናም ነው። የስታዲየም ነዳፊዎች ከፊት ካለው ሰው ራስ በላይ የሚያልፈውን የእይታ መስመር ይለካሉ። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሜዳውን ሲመለከት የእይታው መስመር ከፊቱ ካለው ሰው ዓይን በ12 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ካለፈ እይታው ጥሩ ይባላል፤ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ግን ተመልካቹ አንገቱን ማዘንበል ይጀምራል። ረድፎቹ ወደ ኋላ በራቁ ቁጥር ይህን ልኬት ለመጠበቅ እያንዳንዱ ደረጃ ከበፊቱ ይበልጥ ከፍ ማለት አለበት። ስለዚህ ከነበረው በላይ የሚጨመር ሁለተኛ ፎቅ ቁልቁለቱ የበረታ ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ከ34 ወይም ከ35 ዲግሪ እንዳያልፍ ደግሞ ለመውጣትና ለመውረድ ደኅንነት ሲባል ይገደባል። ርቀትም የራሱ ወሰን አለው፦ ከሜዳው መሐል 90 ሜትር ያህል ዙሪያ ውስጥ ያለ መቀመጫ እንደ ተመራጭ ሲቆጠር፣ ከሩቁ የሜዳ ማዕዘን ከ190 ሜትር በላይ የራቀ መቀመጫ ኳሷን በደንብ እንደማያሳይ ይታመናል። በ25 ሺህና በ46 ሺህ መካከል ያለው ልዩነት 21 ሺህ መቀመጫ ነው፤ እነዚህ ሁሉ የሚቀመጡት አሁን ካሉት በስተኋላ ወይም በላይ ነው። በታችኛው ረድፍ የነበረው ደጋፊ እዚያው ከቀረ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ወደ ላይኛው ፎቅ የሚወጣው ግን ድምፁን አግኝቶ የተጫዋቹን ፊት ሊያጣ ይችላል።

ዓረብኛ የተመልካች መቀመጫውን «ሙደረጅ» ይለዋል፤ በደረጃ የተሠራ ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ ከታች ቆሞ ተማሪዎች በደረጃ የሚቀመጡበት ትልቅ የትምህርት አዳራሽም ስሙ ያው «ሙደረጅ» ነው። ለዚህ ስታዲየም ቃሉ በሁለት በኩል ይስማማዋል።

የሚቀጥለው ሥጋት ማን የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ይህን የአዲስ አበባ ስታዲየምን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። እዚያ መቀመጫ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ስምም አለው፦ ክቡር ትሪቡን፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ። «ከማን አንሼ» ከጥላ ፎቅ ጎን ሆኖ የሚያየው ሰው ራሱን የሚያጽናናበት ቀልድ ነው፤ «ካታንጋ» ደግሞ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ከዘመቱባት ኮንጎ የተወረሰ የግዛት ስም ነው። ስሞቹን ያወጣቸው ሕዝቡ ነው፤ አንድም ባንክ አልከፈለባቸውም። ስታዲየም ሲታደስ ሁሉም መቀመጫ ተመሳሳይ ወንበርና ቁጥር ሲያገኝ ለደኅንነትም ለምቾትም መልካም ነው፤ ነገር ግን ረድፍ በተሻሻለ ቁጥር ዋጋውም ሲሻሻል የታየበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቸገረው የሚስማር ተራው ሰው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ስታዲየም እድሳት ያስነሣውን ክርክር ለማየት ሌላው ምሳሌ በአሜሪካ ሚሺጋን ያለው ነው። በ1927 የተከፈተው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል፤ የሚደረግበት ጨዋታ በእጅ የሚያዘው የአሜሪካው ፉትቦል መሆኑን ልብ ይሏል። ዩኒቨርሲቲው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ በሁለቱ ጎኖች የባለ ሀብት ክፍሎች ያሏቸውን ትላልቅ ሕንፃዎች በ2010 አጠናቀቀ። ብዙ ደጋፊዎች ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት አግዳሚ ጎን ለጎን የሚቀመጥበት ስታዲየም በመስታወት ክፍሎች ይከፋፈላል ሲሉ ተቃውመው ነበር። ከዚህ ይበልጥ ፍሬ ያፈራው ግን የአካል ጉዳተኛ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር ያነሣው ጥያቄ ነው፤ ማኅበሩ በ2007 እድሳቱ የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎችን በበቂ አላሰበም ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በቀጣዩ ዓመትም በስምምነት ለእነርሱ የሚሆኑ መቀመጫዎች እንዲጨመሩ ተወሰነ። የደጋፊ አስተያየት ሥራው ሳያልቅ ሲደርስ ሕንፃን ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በሪያድም ለውጥ በመቀመጫ በኩል መግባቱ አዲስ አይደለም። በጃንዋሪ 2018 ሴቶች ወደ ስታዲየም እንዲገቡ ሲፈቀድ፣ መጀመሪያ የተመረጡት በጅዳ፣ በሪያድና በደማም ያሉ ሦስት ስታዲየሞች ነበሩ፤ ለዚህም የቤተሰብ መቀመጫ፣ መግቢያና የጸሎት ስፍራ ተለይቶ ተሰናዳ። ዛሬ ልጆቹን ይዞ ጨዋታ ማየት የሚሻ ቤተሰብ ከእድሳቱ የሚጠብቀው ከጣራው ውበት ይልቅ የመጸዳጃ ቤቱን ብዛትና የመውጫውን ስፋት ቢሆን አያስደንቅም።

ሌላው ጥያቄ ሥራው እስኪያልቅ ክለቡ የት ይጫወታል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን ያላቸው ልምድ መራራ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከተዘጋ በኋላ፣ የባሕር ዳሩም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ሳያሟላ በመቅረቱ፣ ብሔራዊ ቡድኑ በሜዳው የሚያደርጋቸውን ጨዋታዎች ውጭ አገር ለማድረግ ተገደደ። እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 2022 ዋሊያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነበር። በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የወሰደ ሕዝብ ያንን ድል በቴሌቪዥን አየው። የአገር ውስጡ ፕሪሚየር ሊግ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ በከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ከተጠለለባቸው ሜዳዎች መካከል የጅማ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች ይገኛሉ። የዩኒቨርሲቲ ሜዳ ለሊግ ባለውለታ የሆነው በሪያድ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሪያድ ግን በአንጻሩ አማራጭ አላት፤ አል-ሂላል የሚጫወትበት ጣሪያ ያለው ኪንግደም አሬና አንዱ ነው፤ ምንም እንኳ የአል-ናስር ደጋፊ በባላንጣው ቤት እንግዳ መሆንን በደስታ ባይቀበለውም።

የመጓጓዣው ነገር ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል፤ ለብዙ ተመልካች ግን ከመቀመጫው እኩል ነው። 21 ሺህ ሰው ሲጨመር 21 ሺህ ሰው ይመጣል፤ ከፊሽካው በኋላም በአንድ ጊዜ ይወጣል። በግል መኪና ብቻ ቢሆን የዩኒቨርሲቲው መንገዶች አይችሉትም። እንደ ዕድል ሆኖ በዲሴምበር 2024 ሥራ የጀመረው የሪያድ ሜትሮ ቀዩ መስመር በንጉሥ አብዱላህ መንገድ ተዘርግቶ በአንድ ጫፉ የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲን፣ በሌላ ጫፉ የንጉሥ ፋህድን የስፖርት ከተማ ይነካል። የሁለት ሰዓት ቲኬቱ 4 ሪያል ነው። መኪና የሌለው ሠራተኛ ከሥራ ወጥቶ ጨዋታ ለመድረስ ለታክሲ ከሚከፍለው ጋር ሲያነጻጽረው፣ ስታዲየሙን ወደ እርሱ ያቀረበው ከመቀመጫው በፊት ባቡሩ መሆኑን ያያል።

ስለ ሠራተኛ ከተነሣ፣ እድሳቱን ደጋፊ ሆነው ሳይሆን በእጃቸው የሚሠሩት አሉ። እንዲህ ባሉ የግንባታ ሥራዎች ላይ ከብዙ አገር የመጡ ሠራተኞች ይሰማራሉ፤ የሪያድ በጋ ደግሞ ለማንም አይራራም። በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ሥር ማሠራት በሳዑዲ ዓረቢያ ክልክል ነው፤ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን በአካባቢው አነጋገር ከ12 እስከ 3 ሰዓት ማለት ነው። ደንቡ ለማንኛውም የግል ድርጅት ሠራተኛ ይሠራል፤ የመክፈቻ ቀን የተቃረበ ስታዲየምም ከዚህ ውጭ አይደለም። ጥሰት ያየ ሰው ለሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ማመልከት ይችላል።