ኑግና ወፎች፤ ከአሮጌ ዕቃ ስለሚሠራ የወፍ መመገቢያ

ስለ ኑግ ሲነሣ በእኛ አገር ወዲያው የሚታሰበው ዘይቱና ለከብት የሚቀርበው ፋጉሎው ነው። ባሕር ተሻግሮ አሜሪካን አገር ሲደርስ ግን ይኸው ዘር ወደ ወፍ መመገቢያ ይገባል። በዚያ አገር ወፎችን ከየቤቱ ደጃፍ መመገብ የተለመደ ነው፤ ጎልድፊንች የምትባለው ቢጫ ላባ ያላት ትንሽ ወፍም እጅግ ከምትወዳቸው ዘሮች አንዱ ኑግ ነው። የወፍ ምግብ ነጋድያን ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1998 «ናይጀር» የሚለውን ስም የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዝግቧል። የሳይንስ ስሙ ግን ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነውና፥ የትውልድ አገሩ የእኛው ደጋ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የውጭ አገር ገዥ አቧራው ይነፋ፥ ርጥበቱ ይቀነስ፥ ባዕድ ዘር አይገኝበት እያለ ሲደጋግም፥ አንዳንዱ ላኪ ነገሩን ዋጋ ለመስበር የተፈጠረ ሰበብ አድርጎ ይመለከተዋል። በእኔ አስተያየት ግን አንድ መመገቢያ በገዛ እጁ ሠርቶ ኑግ የሞላበት ሰው ምክንያቱን ከማንኛውም የውል አንቀጽ ይልቅ በተሻለ ይረዳዋል።

ለሥራው የሚያስፈልገው አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፥ ይኸውም በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው፥ በጽሕፈት ቤት የማይታጡ ሁለት ረጃጅም እርሳሶች፥ ጥቂት ሽቦና አንድ ሚስማር ነው። ከቤት የጠፋውን ከምናለሽ ተራ፥ አለዚያም በየሰፈሩ እየተጣራ ከሚያልፈው ቆራሌው በጥቂት ብር ማግኘት ይቻላል።

ሃይላንዱ በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ፥ ሚስማሩን በእሳት አግሎና በፒንሳ ይዞ ወደ ግርጌው ተጠግቶ ወዲህና ወዲያ ትይዩ መብሳት፤ አንደኛውን እርሳስ በቀዳዳዎቹ አሳልፎ ሁለቱን ጫፎች ለወፎች መቆሚያ ማስቀረት ነው። ሁለተኛው እርሳስ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ መስቀልኛ ይገባል። ከየመቆሚያው 3 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ በምላጭ ቀጭን ስንጥቅ ማውጣት ይከተላል። ከታችኛው ስንጥቅ በታች ያለው ዘር ለወፎቹ ስለማይደርስ፥ የታችኛው መቆሚያ በተቻለ መጠን ለግርጌው ይቅረብ።

የስንጥቁ ቁመት 6 ሚሊሜትር ቢሆን ስፋቱ ከ2 ሚሊሜትር ማለፍ የለበትም። ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። ኑግ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚረዝም ቀጭንና ለስላሳ ዘር በመሆኑ፥ ሰፊ ቀዳዳ ካገኘ እንደ ውሃ ይፈሳል። ጠባቡ ስንጥቅ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ገለባ፥ ጠጠር ወይም የስንዴ ፍሬ የተቀላቀለበት እንደ ሆነ ወዲያው ይደፈናል፤ አቧራውም ርጥበት ሲያገኝ ከዘሩ ጋር ተጋግሮ ይሻግታል፤ ሻጋታውም ወፎችን ያሳምማል። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት በዘይት መጭመቂያ ዘንድ ይሠራ ይሆናል፤ በዚህች ስንጥቅ ዘንድ ግን አይሠራም።

የአሜሪካ መንግሥትም በባዕድ ዘር ላይ መጠንቀቁ፥ በሌሎች አትክልቶች ላይ እየተጠመጠመ የሚመጥጥ ጥገኛ አረም ከኑግ ጋር እንዳይገባበት ነው። ስለዚህም ዘሩ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ለ15 ደቂቃ እንዲቆይ ይደረጋል። ሙቀቱ አረሙን እንዳይበቅል ያደርገዋል እንጂ አቧራውንና ጠጠሩን አያነሣም፤ ይህ የላኪው ሥራ ነው።

ወደ መመገቢያው እንመለስ። ውሃ እንዳይቋጥር ግርጌውን በጋለ መርፌ ሦስት አራት ቦታ መብሳት፥ በወረቀት ማንቆርቆሪያ ዘሩን ሞልቶ መክደን፥ ከዚያም አንገቱን በሽቦ አሥሮ ድመት ከማይዘልበት ቦታ፥ 2 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መስቀል ነው። በፕላስቲክ ፋንታ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ የሚጠቀም ሰው ስለታም ጠርዙን አጥፎ ይደብድበው። ቀለም፥ ላምባ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ አይሆንም።

በየሁለት ሳምንቱ የተረፈውን ዘር ደፍቶ፥ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር በጥብጦ ማጠብ፥ በሚገባ አለቅልቆም ማድረቅ ይገባል። ኑግ ቅባቱ ብዙ ስለ ሆነ ሲቆይ ይበላሻል፤ በሐምሌና በነሐሴ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሚበቃውን ብቻ መጨመር ይሻላል። ወፎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳይጠጉት ቢቀሩ ማውረድ አያስፈልግም፤ ከሥሩ ጥቂት ፍሬ በመሬት ላይ ቢበተን ርግቦችና ዋኖሶች ቀድመው ይደርሳሉ፤ ትናንሾቹም እነርሱን አይተው ይከተላሉ።