ሞጁሉ የት ጠፋ?

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ሰው ሁሉንም ነገር ከመሠረቱ እንዲሠራ አይገደድም። ሌሎች ያዘጋጇቸውን የፕሮግራም ክፍሎች፣ ማለትም ሞጁሎችን፣ ጠርቶ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ጊዶ ቫን ሮሰም በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ባቀረበው የፓይተን ቋንቋ ይህ ጥሪ የሚፈጸመው «ኢምፖርት» በተሰኘው ትእዛዝ ነው። የተጠራው ሞጁል ካልተገኘ «ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር» የሚል መልእክት ይወጣና ፕሮግራሙ ይቆማል። ብዙ ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ሞጁሉን ደጋግመው ይጭናሉ፤ ስህተቱ ግን እንዳለ ይቀራል።

ለምን? መልእክቱ ሞጁሉ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ጨርሶ የለም ማለት ስላልሆነ ነው። ፓይተን መላውን ዲስክ አያስስም። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ፕሮግራሙ የተቀመጠበትን ፎልደር፣ ቀጥሎ መደበኛ ሞጁሎች ያሉበትን፣ በመጨረሻም ተጨማሪ ሞጁሎች የሚጫኑበትን ይመለከታል። የእነዚህ ቦታዎች ዝርዝር «ሲስ» በተባለው ሞጁል ውስጥ «ፓዝ» በሚል ስም ስለሚገኝ አሳትሞ ማንበብ ይቻላል።

ከዚህ አሠራር በመነሣት አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል መመርመር ይበጃል።

አንደኛ፣ የስሙ አጻጻፍ ነው፤ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ልዩነት ያመጣል።

ሁለተኛ፣ የሚጫንበትና የሚጠራበት ስም ሊለያይ ይችላል። ለምሳሌ «ፒሎው» በሚል ስም የሚጫነው የምስል ማቀናበሪያ በፕሮግራም ውስጥ የሚጠራው «ፒ.አይ.ኤል.» ተብሎ በትላልቅ ፊደላት ነው።

ሦስተኛ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ፓይተኖች ሊኖሩ ይችላሉ። ሞጁሉ በአንደኛው ተጭኖ ፕሮግራሙ በሌላኛው ከተካሄደ አይገናኙም። መፍትሔው መጫኛውን «ፒፕ»ን ፕሮግራሙን በሚያካሂደው ፓይተን በኩል ማዘዝ ነው።

አራተኛ፣ ጀማሪው የራሱን ፋይል «ራንደም» ብሎ ቢሰይመው፣ ፓይተን ቀድሞ የሚያገኘው ይህንኑ ፋይል እንጂ መደበኛውን ሞጁል አይደለም። በዚህ ጊዜ ሞጁሉ ተገኝቶ የሚፈለገው ተግባር ብቻ ይጠፋል። የፋይሉን ስም መለወጥ ይበቃል።

በግምት ስም እየለዋወጡ መጫን ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጉዳትም አለው። ከታወቁ ሞጁሎች ጋር የሚመሳሰል ስም የተሰጣቸው ጎጂ ፕሮግራሞች በፓይተን የሞጁሎች ማከማቻ ውስጥ በተለያዩ ጊዜያት ተገኝተዋል፤ አንዲት ፊደል መሳሳት የይለፍ ቃልን ለሌባ አሳልፎ እስከ መስጠት ሊያደርስ ይችላል። ስለሆነም እንደገና ከመጫን በፊት «ፓይተን የፈለገው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።